«እረኛ ምን አለ?» ያለ ሕዝብ ልጁን ለምን አይጠይቅም?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ ግን የየቤታችን ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

ሁለት አባባሎች አሉን። አንደኛው «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ነው። ድሮ አገር ሲጨንቀው፣ ዘመኑ ሲከፋና ትልልቆቹ የሚሉት ሲጠፋቸው ሰው ጆሮውን ወደ መስክ ያቀና ነበር። ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ያንጎራጎረው ግጥም ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እስከ ትልቅ ሰው ደጅ ይደርሳል፤ ትልቁም ሰው ቁጭ ብሎ ፍቺውን ይፈልጋል። ሁለተኛው አባባል «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ነው። እሱን ማብራራት አያስፈልግም፤ ሁላችንም እየሰማነው አድገናል።

ሁለቱም ከአንድ ሕዝብ አፍ የወጡ ናቸው። በየቤታችን የቀረው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው።

ክርክራችን ከዚህ ይነሣል። በልጅነቱ የተናገረው ነገር ቁም ነገር ተብሎ የተሰማለት ሰው ሲያድግ ሐሳቡን በእርጋታ ይናገራል፤ የሌላውንም ይሰማል። ያልተሰማለት ሰው ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮኻል። ማኅበረሰባችን ደግሞ ዝም ያለውን «ጨዋ ልጅ»፣ «አደብ ያለው ልጅ» እያለ ያሞግሳል። ይህ ሙገሳ መቆም አለበት እንላለን። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንይ።

ሥራውን እናምናለን፣ ቃሉን አናምንም

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላችሁ ወደ ጎዛምን፣ ወደ አነደድ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ ገጠሮች ብትሄዱ የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ ከብት ነድቶ ሲወጣ ታያላችሁ። የቤቱ ሀብት ማለት እነዚያ በሬዎች ናቸው። አንዱ ገደል ቢገባ የዓመቱ እርሻ ተበላሸ ማለት ነው። የሰው አዝመራ ቢበሉ ጠቡ የጎረቤት ጠብ ይሆናል። ይህን ሁሉ ለዚያ ትንሽ ልጅ አምነን እንሰጣለን። ማታ ሲመለስ ግን «አባዬ፣ ቀዩ በሬ ከጠዋት ጀምሮ አላመሰኳም» ብሎ ሲጀምር «ትልቅ ሲያወራ ዝም በል» ይባላል። ቀኑን ሙሉ ያን በሬ ያየ ሰው ከእሱ ሌላ በቤቱ የለም።

ከተማም ያው ነው። የነጋዴ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ሱቅ ይጠብቃል፣ መልስ ቆጥሮ ይሰጣል፣ ማን ዱቤ እንዳለበት ከአባቱ እኩል ያውቃል። የሸማኔ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ክር ያዳውራል፤ ክሩ ከተወሳሰበ የትልቁ ሰው ሥራ ይቆማል። ሴቷ ልጅ ታናሿን አዝላ ውኃ ትቀዳለች፣ ቡና ትቆላለች፣ ወጥ ታማስላለች። እንግዳ ሲመጣ ግን ጥግ ይዛ ትቆማለች። እንግዳው «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ቢላት እናቷ ትመልስላታለች። ሐኪም ቤት ተወስዳ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ስትባል አሁንም የምትመልሰው እናቷ ናት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማኅበረሰባችን ልጅን ያምናል። በሬውን፣ ገንዘቡን፣ ሕፃኑን ያምንለታል። የማያምንለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፉን። ስለዚህ ልጁ ገና በጠዋቱ የሚማረው ትምህርት ይህ ነው፦ «እጄ ይፈለጋል፣ ሐሳቤ አይፈለግም።» ይህን ትምህርት ማንም በቃል አላስተማረውም። በቀን አሥር ጊዜ እየኖረው ግን እንደ ስሙ ያውቀዋል።

ያ ልጅ ሲያድግ

ያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ትምህርቱ ገብቶታል፤ እጁን ግን አያነሣም። መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲል ዝም ይላል፣ ማታ ዶርም ገብቶ ለጓደኛው አሳምሮ ያስረዳዋል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት «ለምንድን ነው? ስንት ቀን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ወረቀቱን ተቀብሎ ይወጣል። ቢሮ ሄዶ «ነገ ና» ሲባል ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይመለሳል፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉት ላብ ያጠምቀዋል። ስለ ራሱ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅማ!

ስብሰባችንን ደግሞ ተመልከቱ። ከዐስር ሶላት በኋላ «ሐሳብ ያለው?» ይባላል። ሁሉም ምንጣፉን ያያል። ዱዓ ተደርጎ ሲወጣ ጫማ ማውለቂያው ጋ እውነተኛው ስብሰባ ይጀመራል። «እንዲህ መሆን ነበረበት»፣ «ገንዘቡ የት ገባ?»፣ «እኔ ቀድሜ አውቄው ነበር» ይባላል። ውስጥ ቢነገር መፍትሔ የሚሆነው ቃል ውጭ ሲነገር ሐሜት ይሆናል። የእድራችንም፣ የመሥሪያ ቤቶቻችንም ነገር ከዚህ አይርቅም።

ሁለተኛው ዓይነት ሰው ደግሞ የሚጮኸው ነው። ሃያ ዓመት «ዝም በል» የተባለ ልጅ እጁ ላይ ስልክ ሲገባ በሕይወቱ የመጀመሪያውን መድረክ አገኘ። ማንም አያቋርጠውም። የማያውቀው ነገር ቢኖር ሰው ሲቃወመው ምን እንደሚደረግ ነው። ስለዚህ ይሳደባል። ዓሊሙን ይዘልፋል፣ የአባቱን እኩያ «አንተ» ይላል፣ ጎረቤቱን በጅምላ ይፈርጃል። ሰዎች ይህን አይተው «የዘመኑ ልጅ አደብ የለው» ይላሉ። እኛ የምንለው ሌላ ነው። መከራከርን የሚማር ሰው በልጅነቱ ተቃውሞ፣ ተሰምቶ፣ ምክንያት ተነግሮት፣ አንዳንዴ ረትቶ አንዳንዴም ተረትቶ ነው የሚማረው። ይህ ልምምድ የሚጀምረው እራት በቀረበበት ትሪ ዙሪያ ነው። እዚያ ያልተለማመደውን ፌስቡክ ላይ ሊለማመደው ተነሣ፤ ውጤቱን ሁላችንም እያየነው ነው።

ትምህርት ቤትም የቤቱን ያጸናዋል። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን እየተከታተለ ቆይቷል። ከኢትዮጵያ ሦስት ሺህ ልጆች አሉበት፤ ከአማራ ክልልም አሉ። ስምንት ዓመት የሆናቸው የአገራችን ልጆች ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ በዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪ ሲመታ አይተናል ብለዋል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆን ደንግጓል። የተሳሳተ መልስ ዱላ የሚያስከትል ከሆነ ብልህ ልጅ ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። ዝምታው ከጨዋነቱ የመጣ አይደለም፤ ሒሳብ አስልቶበት ነው።

የአባቶቻችን ዝምታ ምክንያት ነበረው

እዚህ ላይ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን ለመውቀስ የሚሮጥ ወጣት ካለ ትንሽ ይታገሥ። ጎጃም ውስጥ ሙስሊሙ ጥቂት ሆኖ የኖረ ሕዝብ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ዛሬ የጁቤ በምንለው አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ ቡናና ወርቅ ይዘው የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበር። «ነጋዴ» የሚለው ቃል ራሱ በብዙ ቦታ «ሙስሊም» ለማለት ያገለግል ነበር። በአብዛኛው ርስት ስላልነበራቸው ኑሯቸው ንግድና ሽመና ነበር። መሬት የሌለው ሰው የቆመው በሌላው በጎ ፈቃድ ላይ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ልጄ፣ ከሰው ጋር አትነታረክ፣ አንገትህን ድፋ፣ ሰምተህ እንዳልሰማ ሁን» ብሎ ማሳደግ ጥበብ ነበር። ልጁን ከአደጋ ይሰውረዋል።

ያ ዘመን ግን አለፈ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ የሙስሊሙ እኩልነት እንዲከበር፣ በዓላቱም እንደ ሌሎቹ የአገር በዓል እንዲሆኑ ጠየቀ። አብረው የወጡ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶችም ነበሩ። በዚያው ዓመት መሬት ላራሹ የሚለው ጥያቄ የአገሩ ሁሉ ጥያቄ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ በዓሎቻችን የአገር በዓል ሆኑ፤ የመሬቱ ሥርዓትም ተለወጠ። አደባባይ ላይ የተሰበረው ዝምታ ግን በየቤታችን እንዳለ ቀረ። ልጆቻችንን ዛሬም ከሃምሳና ከመቶ ዓመት በፊት ለነበረ አደጋ እያዘጋጀናቸው ነው።

«አደብ ነው» ለሚሉን

የመጀመሪያው መልስ የሚሰጠን «ይህ እኮ የዲናችን አደብ ነው» የሚል ነው። እስቲ ሲራውን እንመልከት።

ኢማሙ ቡኻሪ የዘገቡት ታሪክ አለ። ለነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚጠጣ ነገር ቀረበላቸው። ጠጥተው ሲያበቁ በቀኛቸው የተቀመጠው ከሁሉ የሚያንስ ልጅ ነው፣ በግራቸው ታላላቅ ሰዎች አሉ። ተራው የቀኙ ነው። እሳቸው ምን አደረጉ? ለታላላቆቹ እንዲሰጡ ይፈቅድላቸው እንደሆነ ልጁን ጠየቁት። ልጁም ከእሳቸው የሚደርሰውን ድርሻ ለማንም አሳልፎ እንደማይሰጥ ነገራቸው። ጽዋውን እጁ ላይ አኖሩለት። ታላላቆቹ እያዩ!

ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ጥያቄው የማስመሰል ጥያቄ አልነበረም። ልጁ «አይሆንም» ማለት ይችል ነበር፤ አለም። ሁለተኛ፣ «ባለጌ፣ ሽማግሌ እያለ!» ያለው የለም። በአንዱ ቤታችን ቢሆን ኖሮ ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ጽዋው አልፎት ነበር።

ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ስለ ልጅነታቸው የተረኩትንም ተመልከቱ። ነብያችን ከዛፎች መካከል በሙስሊም ስለምትመሰል ዛፍ ጠየቁ። መልሱ የተምር ዛፍ እንደሆነ ለትንሹ ዐብዱላህ ገብቶታል። ነገር ግን ታላላቆቹ ዝም ሲሉ አይቶ፣ ከሁሉ የሚያንስ እሱ ስለነበረ አፈረና ዝም አለ። በኋላ ለአባቱ ነገረው። ዑመር (ረ.ዐ) «ደግ አደረግህ፣ አደብ ይሄ ነው» አሉት ወይ? አላሉትም። ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ከብዙ ነገር ይልቅ ደስ ይለኝ ነበር ነው ያሉት። አደብ ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዑመር በላይ ያን የሚያውቅ አልነበረም።

ማሕሙድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ ነብያችን ከባልዲ ውኃ በአፋቸው ይዘው ፊታቸው ላይ እፍ ብለው እንዳጫወቷቸው አድገው ተናግረዋል። ቡኻሪ ይህን ሐዲስ ያስቀመጡት ሕፃን የሰማው ነገር ከመቼ ጀምሮ ተቀባይነት እንዳለው በሚናገረው ምዕራፍ ነው። ትልቅ ሰው ለአፍታ ጎንበስ ብሎ ከአንድ ሕፃን ጋር ተጫወተ፤ ሕፃኑ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም፤ ዑለማዎችም ያን ትዝታ ማስረጃ አደረጉት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው የነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። የአላህ ትእዛዝ በሕልም መጥቶላቸዋል። ትእዛዙ የሚቀር አይደለም። እንደዚያም ሆኖ ለልጃቸው ነግረው ሐሳቡ ምን እንደሆነ ጠየቁት። ቁርኣን ይህን ጥያቄ መዝግቦ አቆይቶልናል። ወገኖች፣ ከአላህ የመጣ ትእዛዝ ይዞ የሚሄድ አባት ልጁን ከጠየቀ፣ ትምህርት ቤት ሊቀይር የወሰነ አባት ልጁን የማይጠይቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ባህላችን ነው» ለሚሉን

ሁለተኛው መልስ «ልጅን እንዲህ መስማት የፈረንጅ ነው፣ የጎጃም ባህል አይደለም» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ጎጃምን ራሷን ዘንግቷታል። ጎጃም የቅኔ አገር ናት። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ የታወቁት በዚህ ነው። የሃይማኖቱ ነገር የጎረቤቶቻችን ነው፤ እኛ የምናየው የትምህርቱን አካሄድ ነው። ከቤቱ የወጣ አንድ ልጅ የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ ማቅረብ አይፈቀድለትም። ገና ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት መስመር ቅኔ ጀምሮ የራሱን አዲስ ነገር መፍጠር አለበት። ከዚያ በመምህሩ ፊት ይናገረዋል። መምህሩ የሰሙትን ይመዝናሉ፣ ያርማሉ፣ ደግ ከሆነ ያደንቃሉ። «ልጅ ያቦካው» ብሎ ሳይሰማ የሚያልፍ መምህር ቅኔ ማስተማር አይችልም። የቆሎ ተማሪ ኑሮ መከራ ነበር፤ ረኃብም ውሻም ዱላም ነበረበት፤ ያን አናስውብም። ነገር ግን ያን ሁሉ መከራ የቻለው ልጅ ሊቅ ሆኖ የሚወጣው በቀን በቀን የሚሰማው ሰው ስላለ ነው።

«የፈረንጅ» የሚባለውም ቢሆን ሁሉም ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው የሚናገረው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በ1982 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ሐምሌ 1990) የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ቻርተሩ ልጅ ወላጆቹንና ታላላቆቹን የማክበር ግዴታ እንዳለበትም በአንቀጽ 31 ጽፏል። መናገርና ማክበር በአንድ ሰነድ ላይ አብረው ተቀምጠዋል፤ አልተጣሉም።

«ይባልጋል» ለሚሉን

ሦስተኛው ፍርሃት «የተሰማ ልጅ ይባልጋል» የሚል ነው። መስማትና መታዘዝ ግን ይለያያሉ። አባት ልጁን ሰምቶ «አይሆንም፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ለቤት ኪራይ ነው» ማለት ይችላል። ልጁ ያለቅስ ይሆናል። ግን ተሰምቷል፤ ምክንያትም ተነግሮታል። ነገ እሱም ሰውን እምቢ ሲል ምክንያት ይሰጣል።

የሚያባልገው ሌላ ነገር ነው። በከተሞቻችን ልጅ አንድ ነገር ሲጠይቅ ስልክ የሚያቀብል ወላጅ በዝቷል። ልጁ ጥያቄ ጠየቀ፣ ቪዲዮ ተሰጠው። እናትና አባት ቡናቸውን በሰላም ጠጡ። ይህ ልጅ የተሰማ ይመስላችኋል? ይህም «ዝም በል» ነው። ልዩነቱ ያለ ቁጣ፣ በካርቱን መባሉ ነው።

ዝምታዋ ፈቃዷ የተባለላት ልጅ

ጉዳቱ ከሁሉ የሚከፋው በሴት ልጅ ላይ ነው። ልጃገረድ ለኒካሕ ተጠይቃ ከዝም አለች ዝምታዋ ፈቃዷ እንደሆነ በሐዲስ መጥቷል። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። የሐዲሱ መነሻ ግን መጠየቋ ነው። ሳትጠየቅ እንዳትዳር ታዘዘ፤ የዝምታዋ ነገር የመጣው «ታፍራለች እኮ፣ ፈቃዷ እንዴት ይታወቃል?» ለሚለው መልስ ሆኖ ነው። አባቷ ሳትፈልግ የዳራት ልጃገረድ ወደ ነብያችን መጥታ በተናገረች ጊዜ ምርጫውን ለእሷ እንደሰጧት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። እኛ ጋ ግን መጠየቁ ተረሳና ዝምታው ብቻ ተያዘ።

አሁን አስቡት። አንዲት ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ምን መልበስ፣ የት መማር፣ ከማን ጋር መጫወት እንደምትፈልግ ተጠይቃ አታውቅም። አንድ ቀን ሳሎን ውስጥ የሽማግሌዎች ድምፅ ይሰማል። አክስቷ ጓዳ ገብታ «እሺ ነው አይደል?» ትላታለች። ዝም ትላለች። አክስቷ ወጥታ «ፈቅዳለች» ትላለች። ይህ ዝምታ የደስታ ሐፍረት ነው ወይስ የዘመኗ ሁሉ ልማድ? እሷ ራሷ ለይታ አታውቀውም። ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ያሰኘናትን ልጅ ዝምታ ለፈቃድ ማስረጃ ማድረግ በአማና መቀለድ ነው። ልጅቱ 18 ዓመት ካልሞላት ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ በሕግ የተከለከለ ነው።

ይህ ሊለወጥ እንደሚችል ያየነው ሩቅ አገር አይደለም። በጎጃም ይልማና ዴንሳ ውስጥ ባለችው ሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ ከ2004 እስከ 2006 ተሞከረ። ሴት ልጆች ከአካባቢው በተመረጡ ሴቶች እየተመሩ በቡድን ተሰበሰቡ፣ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፣ ኅብረተሰቡም ስለ ልጅነት ጋብቻ ቁጭ ብሎ ተወያየ። ልጃቸውን ሳይድሩ በፕሮግራሙ ላቆዩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ተሰጠ። በመጨረሻ ሲለካ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት ልጆች የመዳር ዕድላቸው ለማነጻጸሪያ ከተያዘችው መንደር ልጆች ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ከ15 ዓመት በላይ ላሉት ግን ያው ውጤት አልተገኘም። እንስሳውም፣ ደብተሩም፣ ውይይቱም ድርሻ ነበራቸው። ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፦ ልጅቱ ከመታጨቷ በፊት፣ ገና በአሥር ዓመቷ፣ አብራት ቁጭ የምትል ትልቅ ሴትና የምትናገርበት ቦታ ስታገኝ ዕጣዋ ይለወጣል። አሥራ አምስት ከሞላት በኋላ ጊዜው ይጠባል።

የዛሬዎቹ ልጆች

ይህን ሁሉ ለምን ዛሬ አነሣነው? ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ጎጃም ውስጥ ስንት ልጅ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ? መልሱ ምን ነበር? በአብዛኛው «ዝም በል፣ ተኛ» ነው። ወላጅ ራሱ ፈርቶ ስለነበር አይፈረድበትም። ልጁ ግን አልተኛም። ጨለማ ውስጥ ሆኖ መልሱን ራሱ ፈጠረው። እሱ የፈጠረው መልስ ደግሞ ከእውነቱ የባሰ አስፈሪ ሊሆን ይችላል። ነገ የሚያድገው ያን መልስ ይዞ ነው። እነዚህ ልጆች ክፍል አምልጧቸዋል። የሚጠይቃቸው ሰው ካጡ ከክፍሉ በላይ ያመልጣቸዋል።

ለእናንተ ለወጣቶች

የከተማ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ስታነቡ «ልክ ነው፣ እኛንም አይሰሙንም» የምትሉ ብዙ ናችሁ። መስጂድ ኮሚቴው አይሰማም፣ አባት አይሰማም፣ ቢሮው አይሰማም። እውነታችሁን ነው። ግን ቤታችሁ ውስጥ ከእናንተ የሚያንስ አንድ ሰው አለ። ታናሽ ወንድም፣ ታናሽ እህት፣ የጎረቤት ልጅ፣ መድረሳ የምታስቀሯት ሕፃን። ለዚያ ልጅ ኮሚቴው እናንተ ናችሁ። ትናንት አንድ ነገር ሲነግራችሁ ዓይናችሁ የት ነበር? ልጁ ላይ ነው ወይስ ስልካችሁ ላይ?

ስለዚህ አምስት ነገር እንጠይቃለን። ሁሉም ያለ ገንዘብ፣ ያለ ሥልጠና የሚደረግ ነው።

አንደኛ፣ ልጅ ሲናገር ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ። አታቋርጡት፣ አትጨርሱለት።

ሁለተኛ፣ በቀን አንድ እውነተኛ ጥያቄ ጠይቁት። «ስንተኛ ወጣህ?» ሳይሆን «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ዓይነት ጥያቄ፤ እሱን በሚነካው ጉዳይ።

ሦስተኛ፣ «ለምን?» ሲላችሁ ምክንያት ስጡት። የማታውቁት ከሆነ «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» በሉት። ታላላቅ ዑለማዎች «አላውቅም» ማለትን አላፈሩበትም።

አራተኛ፣ ልጁ ልክ ሲሆን «ልክ ነህ» በሉትና ውሳኔያችሁን ቀይሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን እንኳ ይህን ያየ ልጅ አይረሳውም።

አምስተኛ፣ መድረሳ የምታስቀሩ ኡስታዞችና ኡስታዛዎች፣ ልጅ ተሳስቶ ሲያነብ ዱላውን ተዉት። ሲጠይቅም «ይሄን ወደፊት ትደርስበታለህ» ብላችሁ አትሸኙት። የጠየቀው ዛሬ ነው።

ሽማግሌዎቻችንም ይህን ካነበቡ እንዲህ እንላቸዋለን። አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ክብራችሁ የሚያንስ መስሏችሁ ከሆነ አያንስም። የተሰማ ልጅ የሚሰማውን ሰው ይወዳል፤ አስረጅቶ እስከ መቃብሩም ይጦረዋል። ነገ አልጋ ላይ ስትውሉ «ምን አማራችሁ? ምን ይሻላችኋል?» ብሎ የሚጠይቃችሁን ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ዛሬ ጠይቁት። መጠየቅን ከሌላ ከየት ይማረዋል?

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። ለመናገርም ለመስማትም ይወፍቀን። ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድልን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።